የፕሮግራም ቋንቋዎች «ማክሮ»፦ ጉልበት ቆጣቢ፣ ጥንቃቄም የሚሻ መሣሪያ

በየመሥሪያ ቤቱ በሚጻፉ ደብዳቤዎች ላይ «መ/ቤት»፣ «ጽ/ቤት»፣ «ት/ቤት» የሚሉ አጫጭር ጽሑፎችን ማየት የተለመደ ነው። ጸሐፊው በዚህ ጊዜና ቦታ ይቆጥባል፤ አንባቢውም አሕጽሮቱን በልቡ ዘርግቶ «መሥሪያ ቤት»፣ «ጽሕፈት ቤት»፣ «ትምህርት ቤት» ብሎ ያነበዋል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚጻፍባቸው ቋንቋዎችም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አሠራር ያለ ሲሆን፣ መጠሪያውም «ማክሮ» ይባላል።

ማክሮ ማለት ፕሮግራሙ ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ በሌላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በረዘመ ጽሑፍ የሚተካ አጭር ጽሑፍ ነው። ስያሜው «ረጅም» ወይም «ትልቅ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። የመተካቱ ተግባር የሚከናወነው ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው «ኮምፓይለር» የተሰኘ ሶፍትዌር ሥራውን በሚያካሂድበት ወቅት ነው። በመሆኑም የፕሮግራም ባለሙያው በገጹ ላይ የሚያየው አንድ መስመር ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ የሚፈጽመው ግን አሥር ወይም መቶ መስመር ሊሆን ይችላል።

የማክሮ ጥቅምም ሆነ ጉዳት የሚመነጨው ከዚሁ በሚነበበውና በሚፈጸመው መካከል ካለው ልዩነት ነው። ልዩነቱን ለመቆጣጠር የተለያዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተለያየ መንገድ የመረጡ ሲሆን፣ ምርጫቸውም የባንክ ሒሳብን፣ የስልክ አገልግሎትንና ሌሎች የዕለት ተዕለት ሥራዎችን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች በሚኖራቸው ትክክለኛነት ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ዋና ዋናዎቹን መንገዶች እያነጻጸሩ ማስረዳት ነው። ለአንባቢያን እንዲያመች ምሳሌዎቹ በአማርኛ ቃላት ቀርበዋል።

የማክሮ ታሪክ የሚጀምረው የኮምፒዩተር ትዕዛዞች አንድ በአንድ ይጻፉ ከነበረበት ዘመን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ) በ1950ዎቹ የነበሩ ባለሙያዎች ተመሳሳይ ትዕዛዞችን ደጋግመው ከመጻፍ ይልቅ ለትዕዛዞቹ ስብስብ አንድ ስም ሰጥተው በስሙ ብቻ መጥራት ጀመሩ። እ.አ.አ በ1960 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪ የነበሩት ዳግላስ ማኪልሮይ ይኸው አሠራር ከማሽን ቋንቋ አልፎ በከፍተኛ የፕሮግራም ቋንቋዎችም ሊሠራበት እንደሚችል የሚያስረዳ ጥናታዊ ጽሑፍ አሳትመዋል።

እዚህ ላይ «ለተደጋጋሚ ሥራ ፈንክሽን መጻፍ እየተቻለ ማክሮ ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ፈንክሽን በአብዛኞቹ ቋንቋዎች ወደ ሥራ የሚገባው የተሰጡት ነገሮች በሙሉ አስቀድመው ከተሰሉ በኋላ ነው። ለአብነት ያህል «ካልሆነ(ሒሳቡ_ባዶ፣ ክፈል)» የሚል ትዕዛዝ ቢጻፍና «ካልሆነ» ተራ ፈንክሽን ቢሆን፣ ሒሳቡ ባዶ መሆን አለመሆኑ ከመታየቱ በፊት «ክፈል» የሚለው ትዕዛዝ ይፈጸማል። ማክሮ ግን ውጤቱን ሳይሆን ጽሑፉን ራሱን ስለሚቀበል፣ «መጀመሪያ ሒሳቡ ይታይ፤ ባዶ ካልሆነ ክፍያው ይፈጸም» ወደሚል ትዕዛዝ ይለውጠዋል። በሌላ አነጋገር ፈንክሽን ነባሩን ቋንቋ ሲጠቀም፣ ማክሮ በቋንቋው ላይ አዲስ የአነጋገር ስልት ይጨምራል ማለት ነው። ኤሊክሲር በተሰኘው ቋንቋ «ቢሆን» የሚል ፍቺ ያለው መሠረታዊው «ኢፍ» እንኳ ራሱ በማክሮ የተሠራ መሆኑ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ከማክሮ ሥርዓቶች መካከል በስፋት የሚታወቀው የ«ሲ» ቋንቋ ነው። ሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ቤተ ሙከራ በዴኒስ ሪቺ የተፈጠረ ሲሆን፣ ዛሬም የበርካታ ስርዓተ ክወናዎች መሠረት ነው። በሲ ቋንቋ ማክሮዎችን የሚተካው «ፕሪፕሮሰሰር» የሚባል ቅድመ አዘጋጅ ሲሆን፣ ይህ ክፍል ቃላትን በቃላት ከመተካት በስተቀር ስለ ፕሮግራሙ አወቃቀር የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህ አሠራር የሚያስከትለውን ችግር ለመረዳት ወደ ደብዳቤው ምሳሌ መመለስ ይጠቅማል። አንድ ጸሐፊ «ም/» የሚለውን ምልክት ባገኘ ቁጥር «ምክትል» ብሎ እንዲተካ ቢታዘዝ፣ «ም/ሊቀመንበር» የሚለው በትክክል «ምክትል ሊቀመንበር» ይሆንለታል። ትዕዛዙን ያለ ማስተዋል ከቀጠለ ግን «ም/ቤት» የሚለው «ምክር ቤት» መሆኑ ቀርቶ «ምክትል ቤት» ይሆናል። ጸሐፊው የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ ደብዳቤው ግን ተበላሽቷል።

በሲ ቋንቋም የሚያጋጥመው ከዚህ የተለየ አይደለም። «ካሬ(ሀ)» የሚል ማክሮ «ሀ * ሀ» በሚል ይተካ ተብሎ ቢደነገግ፣ «ካሬ(5)» በትክክል 25 ይሰጣል። «ካሬ(2 + 3)» ተብሎ ሲጻፍ ግን ቅድመ አዘጋጁ «2 + 3 * 2 + 3» በሚል ይተካዋል። ማባዛት ከመደመር ስለሚቀድም ውጤቱ 25 መሆኑ ቀርቶ 11 ይሆናል። ለዚህም ሲባል የሲ ባለሙያዎች ማክሮ ሲጽፉ እያንዳንዱን ክፍል፣ እንዲሁም ጠቅላላውን አገላለጽ በቅንፍ ማጠር ግዴታቸው አድርገው ይዘውታል።

ቅንፍ የማያድነው ሌላ ችግርም አለ። ከሁለት ቁጥሮች የሚበልጠውን የሚመርጥ «ትልቁ(ሀ፣ ለ)» የተሰኘ ማክሮ «ሀ ከ ለ ከበለጠ ሀ፣ አለበለዚያ ለ» በሚል ይተካል እንበል። በዚህ ውስጥ «ሀ» ሁለት ጊዜ መጠቀሱን ልብ ይሏል። አንድ ባለሙያ «ትልቁ(ከሒሳብ_ቀንስ(200)፣ 100)» ብሎ ቢጽፍ፣ የመቀነሱ ትዕዛዝ አንድ ጊዜ ለማወዳደር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ውጤቱን ለመስጠት ይፈጸማል። 1000 ብር የነበረው ሒሳብ 800 ብር መሆን ሲገባው 600 ብር ሆኖ ይገኛል። ፕሮግራሙ ላይ የሚታየው ግን አንድ የመቀነስ ትዕዛዝ ብቻ በመሆኑ፣ ስህተቱን በዓይን ማግኘት አዳጋች ነው።

የሊኑክስ ስርዓተ ክወና አልሚዎች መሰል ስህተቶችን ለመከላከል «ትንሹን ምረጥ» እና «ትልቁን ምረጥ» የሚሉትን ማክሮዎች በልዩ ልዩ መቆጣጠሪያዎች አጠናክረዋቸው ነበር። መቆጣጠሪያዎቹ ግን የየራሳቸው ዋጋ ነበራቸው። እያንዳንዱ ማክሮ የተሰጠውን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ስለሚደግመው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ ድግግሞሹ ይባዛል፤ በየደረጃው አሥር ጊዜ ቢደገም በሦስተኛው ደረጃ አንድ ሺህ ይደርሳል ማለት ነው። እ.አ.አ በ2024 ከሊኑክስ ከርነል ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ማክሮዎቹ ሲዘረጉ 47 ሜጋባይት የሚደርስ ጽሑፍ እንደሚወጣው ታውቆ፣ አልሚዎቹ ማክሮዎቹን ለማቅለል ተገደዋል። የሁለት ቁጥሮችን ብልጫ የመለየት ያህል ቀላል የሆነ ተግባር ይህን ያህል መዘዝ ማስከተሉ፣ ቃላትን በቃላት የመተካት አሠራር የት ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል ያመለክታል።

ከሲ አሥራ አራት ዓመታት ገደማ ቀደም ብሎ የተወለደው የ«ሊስፕ» ቋንቋ የተከተለው መንገድ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሊስፕ እ.አ.አ በ1958 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በጆን ማካርቲ የተጀመረ ሲሆን፣ በዚህ ቋንቋ የሚጻፍ ፕሮግራም ራሱ ቋንቋው እንደ መረጃ ሊያገላብጠው የሚችለው ዝርዝር ነው። እ.አ.አ በ1963 ቲሞቲ ሃርት በዚያው ተቋም ባቀረቡት አጭር ጽሑፍ ማክሮ በሊስፕ ውስጥ እንዲካተት ሐሳብ አቅርበዋል።

በሊስፕ ማክሮ የፕሮግራም ቁራጭ ተቀብሎ ሌላ የፕሮግራም ቁራጭ የሚመልስ ሙሉ ፕሮግራም ነው። የሚቀበለውም የቃላት ድርድር ሳይሆን አወቃቀሩ የታወቀ አካል ነው። በዚህም ምክንያት ቀደም ሲል የታየው የካሬ ስህተት በሊስፕ ሊከሰት አይችልም፤ «2 + 3» ለማክሮው የሚደርሰው በቅንፍ የታጠረ አንድ አካል ሆኖ ስለሆነ ውጤቱ ምንጊዜም 25 ነው። በሌላ በኩል ማክሮው የተሰጠውን ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ እንዳይደግም መጠንቀቅ በሊስፕም ቢሆን የጸሐፊው ኃላፊነት ነው።

ሆኖም ሊስፕም ቢሆን ከአንድ ስውር ችግር አላመለጠም፤ ይኸውም የሞክሼዎች ችግር ነው። የሁለት ተለዋዋጮችን ይዘት የሚያቀያይር «አለዋውጥ» የሚል ማክሮ ቢኖር፣ የአንደኛውን ይዘት ለጊዜው የሚያቆይበት ሌላ ተለዋዋጭ ያስፈልገዋል። የማክሮው ጸሐፊ ይህንን ተለዋዋጭ «ጊዜያዊ» ብሎ ሰየመው እንበል። ማክሮውን የሚጠቀመው ሌላ ባለሙያም በራሱ ፕሮግራም ውስጥ 5 የያዘ «ጊዜያዊ» የሚባል ተለዋዋጭ፣ እንዲሁም 8 የያዘ «ዋጋ» የሚባል ተለዋዋጭ ሊኖረው ይችላል። ይህ ባለሙያ «አለዋውጥ(ጊዜያዊ፣ ዋጋ)» ብሎ ሲያዝ፣ የማክሮው «ጊዜያዊ» የባለሙያውን «ጊዜያዊ» ይጋርደዋል። በውጤቱም ለውጡ ሳይካሄድ ይቀራል፤ 5 የነበረው 5፣ 8 የነበረውም 8 እንደሆነ ይቆያል። ኮምፒዩተሩም ምንም ዓይነት የስህተት መልዕክት አያወጣም።

ሁለቱ ባለሙያዎች ተያይተው የማያውቁ፣ የየራሳቸውንም ሥራ በትክክል የሠሩ ሊሆኑ እንደሚችሉ መገንዘብ ያሻል። ስህተቱ የተፈጠረው በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ስም በመምረጣቸው ብቻ ነው። እ.አ.አ በ1994 ብሔራዊ ደረጃ የወጣለት «ኮመን ሊስፕ» ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔ፣ የማክሮው ጸሐፊ ማንም ሊጽፈው የማይችል አዲስ ስም በየጊዜው የሚፈጥርለትን ፈንክሽን እንዲጠቀም ነው። መፍትሔው ይሠራል፤ ጸሐፊው ከዘነጋው ግን ስህተቱ ተመልሶ ይመጣል።

ይህንን ኃላፊነት ከሰው ትከሻ አውርዶ ለኮምፓይለሩ ያሸጋገረው እርምጃ የተወሰደው እ.አ.አ በ1986 ነው። በዚህ ዓመት በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኢዩጂን ኮልቤከር፣ ዳንኤል ፍሪድማን፣ ማቲያስ ፌላይዘን እና ብሩስ ዱባ «ንጽሕና ያለው ማክሮ» የሚለውን ሐሳብ ይፋ አደረጉ። የሊስፕ ቤተሰብ የሆነው «ስኪም» የተሰኘው ቋንቋም እ.አ.አ በ1998 በወጣው ደረጃው ይህንን አሠራር የቋንቋው መደበኛ አካል አድርጎታል።

የንጽሕናው አሠራር ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን እንግዳ አይሆንም። በአንድ ክፍል ውስጥ አበበ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ሲኖሩ መምህሩ በአባታቸው ስም ይለያቸዋል፤ የአባታቸውም ስም አንድ ከሆነ የአያታቸውን ይጨምራል። ንጽሕና ያለው የማክሮ ሥርዓትም ለእያንዳንዱ ስም የተወለደበትን ቦታ እንደ አባት ስም አድርጎ በድብቅ ያያይዝለታል። ከማክሮው ውስጥ የተወለደው «ጊዜያዊ» እና ከተጠቃሚው ፕሮግራም የመጣው «ጊዜያዊ» በጽሑፍ አንድ ቢመስሉም ለኮምፓይለሩ የተለያዩ ናቸው። እ.አ.አ በ2016 የ«ራኬት» ቋንቋ ዋነኛ አልሚ የሆኑት ማቲው ፍላት ይፋ ያደረጉት አሠራር ይህንኑ በማጠናከር፣ አንድ ስም የሚገኝባቸውን ወሰኖች በሙሉ በስብስብ መልክ እየመዘገበ ሞክሼዎችን እንዲለይ አድርጓል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ባለሙያዎች ፍጹም ንጽሕናን ይደግፋሉ ማለት አይደለም። አንዳንድ የሊስፕ ተጠቃሚዎች ማክሮው ሆን ብሎ ለተጠቃሚው አንድ የታወቀ ስም የሚያቀርብበት ሁኔታ እንዳለና ይህም ጽሑፍን እንደሚያሳጥር ይከራከራሉ። ራኬትን የመሰሉ ቋንቋዎችም ንጽሕናን መደበኛ ሕግ አድርገው፣ ሕጉን ሆን ብሎ ለመተላለፍ ለሚፈልግ ግን ግልጽ መንገድ አበጅተዋል። ልዩነቱ መተላለፉ በአጋጣሚ ሳይሆን በውሳኔ የሚሆን መሆኑ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ቋንቋዎች መካከል እ.አ.አ በ2015 የመጀመሪያው የተረጋጋ ዕትሙ የወጣው «ረስት» ሁለት ዓይነት ማክሮዎችን ያቀርባል። የመጀመሪያው የሚሠራው በአምሳያ ነው። ጸሐፊው «ይህን የመሰለ አገላለጽ ሲመጣ ይህ ይተካ» ብሎ ሲደነግግ፣ የሚጠብቀው ነገር አገላለጽ፣ ስም ወይም የመረጃ ዓይነት መሆኑን ጭምር ይገልጻል። አካባቢያዊ ተለዋዋጮችን በሚመለከትም ንጽሕናውን ይጠብቃል። ሁለተኛው ዓይነት እንደ ሊስፕ ሁሉ በሙሉ ፕሮግራም የሚጻፍ ሲሆን፣ በተረጋጋው የረስት ዕትም ውስጥ መካተት የጀመረው እ.አ.አ በ2017 ነው። አንድ ባለሙያ በመረጃ መዋቅሩ ላይ አንድ መስመር በመጨመር ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች እንዲጻፉለት ያስችለዋል።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ከፍተኛ ጉልበት ያለውን ያህል የጸጥታ ጥያቄም ያስነሳል። ማክሮው ሙሉ ፕሮግራም በመሆኑ የሚሠራው በባለሙያው ኮምፒዩተር ላይ፣ በባለሙያው ፈቃድ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ማክሮ የተጠቀመ ሰው ፕሮግራሙን ገና ሲያዘጋጅ የማያውቀው ሰው የጻፈውን ትዕዛዝ በኮምፒዩተሩ ላይ እየፈጸመ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል። የ«ስዊፍት» ቋንቋ እ.አ.አ በ2023 ማክሮን ሲያስተዋውቅ ይህንን ስጋት ከግምት በማስገባት፣ በአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ ማክሮዎች ከፋይሎችና ከኔትዎርክ ተከልለው እንዲሠሩ ማድረጉ ይታወቃል።

ቋንቋዎቹ ማክሮን ለአንባቢ በሚያሳውቁበት መንገድም ይለያያሉ። ረስት በአንደኛው ዓይነት ማክሮ ስም መጨረሻ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ያስቀምጣል፤ «ጁሊያ» የተሰኘው ቋንቋ ደግሞ በኢሜይል አድራሻ ውስጥ የሚገኘውን ምልክት ከስሙ ፊት ያስቀድማል። በሊስፕ ግን ማክሮና ፈንክሽን በመልክ አይለዩም። የሲ ባለሙያዎች የማክሮን ስም በትልልቅ የላቲን ፊደላት መጻፍን ልማድ አድርገዋል። ይሁንና የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው፣ በአማርኛ ስሞች ፕሮግራም ለመጻፍ ለሚሞክር ሰው ይህ ልማድ አያገለግልም፤ ሌላ መለያ ማበጀት ይኖርበታል።

ከነጭራሹ ማክሮን ያላካተቱ ቋንቋዎችም ጥቂት አይደሉም። እ.አ.አ በ1995 የወጣው ጃቫ እና እ.አ.አ በ2009 ይፋ የሆነው ጎ የተሰኘው ቋንቋ ለዚህ ተጠቃሽ ናቸው። መነሻቸውም በብዙ ሰዎች የሚጻፍ ትልቅ ፕሮግራም ሁሉም ሰው በሚያውቀው አንድ ዓይነት አነጋገር ሊጻፍ ይገባል የሚል ነው። ይሁን እንጂ የተደጋጋሚ ጽሑፍ ችግር ማክሮ ስለሌለ ብቻ አይጠፋም። በጃቫ ተጨማሪ የፕሮግራም ፋይሎችን የሚያመነጩ መሣሪያዎች በሥራ ላይ የዋሉ ሲሆን፣ ጎም እ.አ.አ በ2014 ይህንኑ የሚያግዝ ትዕዛዝ ጨምሯል። «ዚግ» የተባለው ቋንቋ ደግሞ ማክሮን ትቶ፣ ተራው ፕሮግራም ራሱ በኮምፓይለሩ ሰዓት እንዲሠራ በመፍቀድ ሦስተኛ አማራጭ አቅርቧል።

ከዚህ ንጽጽር መረዳት የሚቻለው ማክሮን በአራት ጥያቄዎች መመዘን እንደሚገባ ነው። የሚተካው ቃላትን ነው ወይስ የፕሮግራሙን አወቃቀር? ሞክሼ ስሞችን የሚለየው ጸሐፊው ነው ወይስ ኮምፓይለሩ? አንባቢው ማክሮ መሆኑን ከመልኩ መለየት ይችላል? ስህተት ሲፈጠርስ የሚወጣው መልዕክት የሚያመለክተው ባለሙያው የጻፈውን መስመር ነው ወይስ አይቶት የማያውቀውን የተዘረጋ ጽሑፍ?

እነዚህ ጥያቄዎች ይበልጥ የሚያሳስቡት ፕሮግራሙን መጀመሪያ የጻፈውን ሰው ሳይሆን፣ ከዓመታት በኋላ ተረክቦ የሚያስተካክለውን ነው። ማክሮን የፈጠረ ባለሙያ በቋንቋው ላይ የራሱን ዘዬ ጨምሯል፤ ዘዬውን በጽሑፍ ሳያስረዳ ሥራውን ከለቀቀ፣ የሚተካው ወጣት ባለሙያ ያልተማረውን ቋንቋ እንዲያነብ ይገደዳል። በመሆኑም በፈንክሽን ሊሠራ የሚችለውን በፈንክሽን መሥራት፣ ማክሮ የግድ ሲሆን አጭርና ግልጽ ማድረግ፣ ጥቅም ላይ ከመዋሉም በፊት የተዘረጋውን ጽሑፍ አውጥቶ ማንበብ ተገቢ ይሆናል። አብዛኞቹ ቋንቋዎች የተዘረጋውን ጽሑፍ የሚያሳይ መሣሪያ ስላላቸው፣ ይህን ማድረግ የሚጠይቀው የጥቂት ደቂቃዎች ትዕግሥት ብቻ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሁለት ጊዜ የሚቀነስ ሒሳብ ደንበኛ ዘንድ ሳይደርስ እዚያው በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ሊታረም የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።